ከዜናው በኋላ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በትምህርት ቤትም ሆነ በመድረሳ ወላጆችን ስናገኝ ስለ ቴሌቪዥን የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ይህ ድራማ ለልጆች ይሆናል ወይ?» «ያኛውስ ፊልም?» «ኳሱን ቢያዩት ምን አለበት?» ይባላል። ዑለሞቻችንም ተገቢውን መልስ ሰጥተዋል። ቴሌቪዥን ዕቃ ነው፤ መልካም ከታየበት መልካም ነው፣ መጥፎ ከታየበት መጥፎ ነው ብለዋል። በዚህ ላይ እኔ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ እንዳለ ይሰማኛል። ሰው ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሲቀመጥ አንድ ዝግጅት ብቻ አይቶ አይነሳም። የሚያየው ምሽቱን በሙሉ ነው። ከዜናው ወደ ማስታወቂያው፣ ከማስታወቂያው ወደ ስፖርቱ፣ ከስፖርቱ ወደ ድራማው፣ ከዚያም ወደ ዘፈኑ ይሻገራል። እያንዳንዱን ለየብቻ ብንመዝነው ምናልባት አብዛኛው ምንም ነውር አይገኝበት ይሆናል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ልብ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ ምን ያደርጋሉ? ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። በሥራ ቀናት ኅብረተሰብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ ሕፃናትን አስቀራለሁ። በሁለቱም ቤት አንድ የጋራ ሥርዓት አለ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ፋታ ይሰጣል። በትምህርት ቤት ደወል ይደወላል፤ ሒሳቡ ተጠርጎ ሰሌዳው ባዶ ሳይሆን ታሪክ አይጻፍበትም። በመድረሳም ልጁ የያዘውን ሱራ በኡስታዙ ፊት ሳያስደምጥ ወደ ሌላው አይሻገርም። የቴሌቪዥን ምሽት ግን ደወል የለውም። ሰሌዳው ሳይጠረግ በላዩ ይጻፍበታል።

ስለ ምሽት ስንናገር ስለ ሀገራችን የሕዝብ ጣቢያ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበረ። ወደ ቀለም የተሸጋገረው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። በ2006 ዓ.ም. በወጣ አዋጅም የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተባለ። እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1980ዎቹ መጨረሻ ቤታችን ውስጥ ሌላ አማራጭ አልነበረም። ጣቢያው አንድ ነበር፤ በሰፈራችን ያለው መሣሪያም ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ አንድ ምሽት ያመሽ ነበር ማለት ይቻላል።

እኛ ልጆች ከቁርኣን ቤት ስንለቀቅ ሉሓችንን በብብታችን ይዘን ቴሌቪዥን ወዳለበት ጎረቤት እንሮጣለን። ጫማችንን ደጅ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ወዳጃችን አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉ የተባሉት እኒህ ታላቅ ሰው ከጣቢያው መጀመሪያ ዘመን አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አውርተዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ያዘነላቸው የአንድ ትውልድ ሰው ብቻ አልነበረም። እጃቸውን ከመስተዋቱ ውስጥ ሲዘረጉልን እኛም ከምንጣፉ ላይ ተነሥተን እንጨብጣቸው ነበር። ተረቱ ካለቀ በኋላ የቤቱ እመቤት «በሉ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ብለው ያሰናብቱናል። ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት የአዋቂዎች ነው። በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ዜና ይነበባል፤ ድራማ ይመጣል፤ ዘፈን ይከተላል። በስተመጨረሻ ጣቢያው ራሱ «ደኅና እደሩ» ብሎ ይዘጋል። በዚያ ዘመን ምሽት መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ልጁንም የሚያስነሳው ሰው ነበረ።

ያ ዘመን ሁሉ ነገሩ ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። የቢራው ማስታወቂያ በየመካከሉ ይገባ ነበር። በእስላም ቤት ሳሎን፣ ሽማግሌው ተስቢሐቸውን እየቆጠሩ፣ አረፋው ከብርጭቆ አፍ ሲገነፍል እናይ ነበር። ይህስ አልሐምዱሊላህ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ እንዲቀር ተደርጓል። አንድ ትልቅ ቅሬታ በዚህ ተቃሏል። እኔ የምናገርለት ጉዳይ ግን በአዋጅ የሚፈታ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ የአንዱ ሥዕል ከሌላው ጎን መቀመጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ አንድ ምሽት በሀገራችን ታሪክ ውስጥ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የእኛ አገር ወሎ በረሃብ አልቋል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያንን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለሀገሩ ሕዝብ በቴሌቪዥን አሳየ። ፊልሙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ የታየው ግን በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በዘመን መለወጫው ዕለት ነው። ደርግ ፊልሙን እንዳለ አላቀረበውም። በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብር፣ የሠርጉን ድግስና ኬክ አስገባበት። አንድ ጊዜ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው የተትረፈረፈ ማዕድ ይከተላል፤ ተመልሶ ደግሞ ሕፃኑ ይመጣል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የወረዱት በአንድ ፊልም ምክንያት ብቻ ነው የሚል የለም። ቢሆንም ያ ምሽት የሕዝቡን ልብ አዘጋጅቶ እንዳደረ የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ሁለቱ ሥዕሎች ለየብቻ ቢታዩ ኖሮ አንዱ ኀዘን፣ ሌላው ሠርግ ብቻ በሆነ ነበር። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ፍርድ ሆኑ።

እናቴ የዚያን ዘመን ረሃብ በሆዷ እንጂ በቴሌቪዥን አላየችውም። «እኛ መታየታችንን ማን ነገረን?» ትላለች። በ1977ቱ ድርቅም ነገሩ ተደገመ። ጣቢያችን በቀለም መታየት በጀመረበት በዚያው ሰሞን፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በቆረም ሕዝቡ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው ጋዜጠኛ ያቀረበው ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን ነበር። ሙሐመድ አሚን ኋላ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። ያ ዘገባ ከታየ በኋላ ዓለም ተንቀሳቀሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለዚያ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የታሰበ ነበር። ስለ ሙዚቃው የዑለሞቻችን አስተያየት የታወቀ ስለሆነ ወደዚያ አልገባም። ልብ እንድንለው የምፈልገው ግን በዜናውና በዘፈኑ መካከል የቆመ፣ «ይህን ካየሁ በኋላ ምን ላድርግ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩን ነው።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራተተ። መጀመሪያ ተራራው ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያም ያጣው በባዶ እጁ፣ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጠ። እነዚያ ሊያድኑ የመጡት በመቆፈር ላይ ሳሉ መሬቱ እንደገና ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡት ነበሩ።

ዜናው በተሰማበት ምሽት ኢሻን ሰግደን፣ ቡና ቀርቦ፣ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ነበር። እናቴ ስኒውን ጀባ እያለች ነበር። ሥዕሉ ሲመጣ እጇ ቆመ። ቀይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ሰው፣ ፊቷን የምትቧጭር እናት። ከዚያ ዜናው ወደ ስብሰባዎች አለፈ። የአየር ሁኔታ ተነገረ። የሳሙና ማስታወቂያ ተዘፈነ። ስፖርቱ መጣ፤ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውት ስለነበር አትሌቶቻችን ተወሩ። ቀጥሎ አስቂኝ ጭውውት ቀረበ፤ ከእሱ በኋላም እስክስታ ተመታ። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

እስክስታው ላይ ስንደርስ የ9 ዓመት ሴት ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ ሰዎቹ አፈር ውስጥ እያሉ ለምን ይጨፍራሉ?» አለችኝ።

መምህር ሆኖ ለልጅ ጥያቄ ዝም ማለት ከባድ ነው። እንዲህ ስል መለስኩላት፦ «እነዚህ ሰዎች የጨፈሩት ዛሬ አይደለም፤ ከብዙ ጊዜ በፊት ተቀርጾ የተቀመጠ ነው። ስለ ጎፋ ምንም አያውቁም።» ልጄ ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ እኛ ግን እናውቃለን» አለች።

ይህን ንግግሯን ብዙ ቀን ሳብሰለስለው ቆየሁ። እውነቷን ነው። ጨፋሪው ስለ ቀብሩ አያውቅም። ማስታወቂያውን የሠራው ሰው ከምን ቀጥሎ እንደሚታይ አያውቅም። ዜና አንባቢዋም ከእርሷ በኋላ የሚመጣውን አላዘጋጀችም። መስተዋቱም ግዑዝ ነው። በዚያ ምሽት ሁለቱንም ያየ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያውቅ ቢኖር ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ብቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. ረሃቡንና ግብሩን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው ዓላማ ነበረው፤ ፍርዱንም እርሱ አዘጋጅቶ አቀረበልን። ዛሬ በየምሽቱ ኀዘንና ድግስ ጎን ለጎን የሚመጡት ግን ያለ ማንም ዓላማ ነው። ስለዚህ ፍርዱ ለእኛ ቀርቷል። ቁርኣን መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም ሁሉም እንደሚጠየቁበት ያስተምረናል። ያየነውን ሁሉ ማየታችን ተመዝግቦ ይቆየናል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ እንደ መምህር ልማዴ፣ በቁርስ ላይ እያንዳንዱን ከትናንት ምሽት ምን እንዳስታወሰ ጠየቅሁ። ትልቁ ልጄ በፓሪስ የሚሮጡትን አትሌቶች ስም በየርቀቱ ዘረዘረ። ባለቤቴ ፊቷን ትቧጭር የነበረችውን እናት አነሣች፤ ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣቻት ነገረችን። ሴቷ ልጄ ጥያቄዋን ደገመች። እናቴ ለሟቾቹ ዱዓ ስታደርግ ማደሯን ነገረችን። የ4 ዓመቱ ትንሹ ልጄ ግን የሳሙናውን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳያጎድል ዘፈነልን። ሁላችንም ሳቅን። እንደው ነገሩን ስታስቡት ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። አንድ ምሽት አምስት ምሽት ሆኖ ነበር። ጣቢያው ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር ሰጠን፤ እያንዳንዳችን ግን የያዝነው ሌላ ሌላ ነበር። የትንሹን ልጅ ልብ ከሁሉ ቀድሞ የያዘው ሊሸጥልን የመጣው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የአንዲት ጎረቤታችን ነገር ትዝ ይለኛል። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ ለሌላቸው ሠራተኞች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አበቃ። በተከታዮቹ ወራት ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የወሎ ልጆችም ከመካከላቸው ብዙ ነበሩ። የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ነበረች፤ ስልኳም ከተቋረጠ ሰንብቷል። እኒህ እናት በየማታው ወደ ቤታችን እየመጡ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጡ ነበር። በዜና ጊዜ ከአውሮፕላን የሚወርዱት ልጆች ይታያሉ። ብርድ ልብስ የተከናነቡ፣ ፌስታል የያዙ፣ አንገታቸውን የደፉ ልጆች ናቸው። እርሳቸው በመስተዋቱ አጠገብ ቀርበው ፊት በፊት ይመረምራሉ። አንዳንዴ «ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ፤ ሥዕሉ ግን አይቆይም። ዜናው ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አላህ ያቆያችሁ፤ ነገ እመጣለሁ» ብለው ይነሣሉ። ድራማው ቢጀመር፣ «ትንሽ ይጫወቱ እንጂ» ብንላቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ አላሉም።

ልጃቸው የመጣችው ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በአውቶቡስ ደሴ ገብታ፣ ራሷ በሩን አንኳኳች። በዜናው ላይ አንድም ቀን አላየናትም። እናቲቱም «ቴሌቪዥኑ አላሳየኝም፤ አላህ ግን አሳየኝ» እያሉ ለሰፈሩ ቡና አፈሉ። እኔ ግን ከልጅቷ መምጣት ሌላ ከእርሳቸው የተማርኩት ነገር አለ። ለምን እንደመጡ የሚያውቁ ብቸኛዋ ተመልካች እርሳቸው ነበሩ። ኒያ ይዘው መጡ፤ ኒያቸው ሲያልቅ ተነሡ። ሥራ ሁሉ በኒያ ነው ሲባል ቴሌቪዥን ማየትስ ከሥራ አይቆጠርም?

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደ ብዙው ሕዝብ ልጆቻችንንና እናቴን ይዘን ወጣን። አዲስ አበባ በዘመድ ቤት ተጠጋን። ከተማችን በኅዳር 27 ቀን ነፃ ወጣች እስኪባል ድረስ በየምሽቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት አንጠፋም ነበር። አንድ ማታ የከተማችን ስም ተጠራ። የሰፈራችን ዳገት እንኳ ለቅጽበት የታየን መሰለን። ከዚያ ዜናው አለፈ፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ጥቅል ማስታወቂያ መጣ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ዝም አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያልፉትን እናይ ነበር። ያን ቀን የሚያልፉት እኛ ነበርን። በየሀገሩ ስንቱ ሰው እራቱን እየበላ እኛን አሳልፎን ይሆን ብዬ አሰብሁ። ጣቢያውን አልወቀስሁም፤ ዛሬም አልወቅስም። ተመልካቹ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ «ያ አላህ!» ብሎልን ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

ጣቢያውን የማልወቅስበት ምክንያት አለኝ። የሕዝብ ጣቢያ የሁሉም ቤት ነው። ለገበሬው ስለ ዝናብ መናገር አለበት፤ ለወጣቱ ኳስ፣ ለሕፃኑ ተረት፣ ለሕመምተኛው ሐኪም ማቅረብ አለበት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ መናገር ይጠበቅበታል። ያዘነውን ሲያጽናና የተደሰተውን መከልከል አይችልም። በአንድ አገር በአንድ ሌሊት የሚሞትም የሚዳርም አለና የሀገር መስተዋት ከሆነ ሁለቱንም ማሳየቱ አይቀርም። ልዩ ልዩ ዝግጅት ማቅረብ የጣቢያው ግዴታ ነው። መካከሉን መለየት ደግሞ የቤቱ አባወራና እማወራ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች መሣሪያውን ሸጠው ተገላግለዋል። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ከእነርሱ ቤት አንዳንዶቹ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ ስልክ እንዳለ አይቻለሁ። በስልኩ ላይ ከቀብር ወደ ጭፈራ ለመሻገር የአንድ ጣት ንክኪ ይበቃል። የቴሌቪዥኑ ምሽት በሁለት ሰዓት ያደረገውን ቲክቶክ በሁለት ደቂቃ ያደርገዋል። ይባስ ብሎም አባት የሚያየውን ልጅ አያይም፤ ልጅ የሚያየውን አባት አያውቅም። ሴት ልጄ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ነገር ስላየን ነው። በየኪሳችን ለየብቻችን ብናየው ኖሮ ማንን ትጠይቅ ነበር? ስለዚህ እኔ ዛሬ፣ ብዙ ሰው በሚያማርርበት ጊዜ፣ ለአሮጌው የቤተ ሰብ ምሽት ጠበቃ ሆኜ መቆሜን አልደብቅም። ሰዓት ያለው፣ በጋራ የሚታይ፣ «ዝጋው» የሚል ሰው ያለበት ምሽት ከሁሉ ይሻላል።

እኛ ቤት ከዚያ ሐምሌ ወዲህ የያዝናቸው ጥቂት ልማዶች አሉ። ለማንም ሕግ ይሁኑ አልልም፤ ለሚጠቅመው ግን ልንገረው።

አንደኛ፣ ከኢሻ ሶላት በፊት አይከፈትም። የ2 ሰዓቱ ዜና ለዚህ የተመቸ ነው።

ሁለተኛ፣ ዜናው እንዳለቀ ይጠፋል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ቤቱ ጸጥ ይላል። በዜናው ላይ ጭንቅ ያገኛቸው ሰዎች ከታዩ እናቴ የቦታውን ስም ጠርታ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኛ አሚን እንላለን። የሰዎቹን ሃይማኖት አንጠይቅም፤ ጭንቀታቸው ይበቃናል። በመደርደሪያው ላይ አንዲት ቆርቆሮ አለች፤ ሳንቲም ያለው ይጨምርባታል። ስንከፍታት ብዙ አይገኝባትም። የሆነው ሆኖ ቅርብ ላለ ችግረኛ ይሰጣል። ጎረቤቱ ተርቦ እርሱ ጠግቦ ስለሚያድር ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስጠነቀቁትን ልጆቼ በመድረሳ ይሸመድዱታል። በቴሌቪዥን ዘመን ጎረቤት እስከ የት እንደሚደርስ ግን በቤት ካላስተማርናቸው ማን ያስተምራቸዋል?

ሦስተኛ፣ ከዜናው በኋላ አንድ ዝግጅት ብቻ ይመረጣል። ምርጫው ተራ በተራ ነው፤ እናቴም ተራ አላት። እርሷ ብዙ ጊዜ ስለ እንስሳት የሚተርከውን ትመርጣለች፤ «ሱብሐነላህ፣ የአላህን ሥራ ተመልከቱ!» እያለች ከልጆቹ ይልቅ የምትደነቀው እርሷ ናት።

አራተኛ፣ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዱ ከምሽቱ የያዘውን አንድ ነገር ይናገራል።

ይህ ሁሉ ያለ ቅሬታ አይሄድም። ትልቁ ልጄ አሥር ደቂቃዋ ከኳስ ጋር በተጋጨች ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። «አባዬ፣ ጎል ያመልጠኛል» ይላል። ያመልጠዋልም። አንድ ማታ እንዲሁ አኩርፎ ተቀምጦ ሳለ በዜናው የታየውን የመኪና አደጋ አንሥቶ፣ «ያ ሹፌር ልጆች ነበሩት ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። ሆኖም ጎሉን ያሳጣችው ያቺ ጸጥታ ይህን ጥያቄ እንዳመጣችለት ተረዳሁ። ትንሹም አሁን 5 ዓመት አልፎታል። የማስታወቂያ ዘፈኖችን እስካሁን ይዘፍናል፤ አሚን ማለትንም ተምሯል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየቤታችን በየምሽቱ ስንት ሰው ያልፋል! የሚሮጥ፣ የሚሥቅ፣ የሚሸጥ፣ የሚቀበር። ቆመው እንዲያነጋግሩን ልናደርጋቸው አንችልም። በመካከላቸው ለአፍታ መቆም ግን እንችላለን። መዝጊያዋ ቁልፍ በጣት የምትነካ ትንሽ ነገር ናት፤ ከልጆቻችሁ አንዱን ከዜናው በኋላ እንዲነካት እዘዙት፤ ከዚያ የሚጠይቃችሁን አድምጡ።

አላህ (ሱ.ወ.) ያየነውን ለመልካም ከሚያውሉት ያድርገን። በየስፍራው በጭንቅ ላለው ሕዝባችን ሁሉ ፈረጃውን ያቅርብለት። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።